የአባባ ጣሳና ሰርዶው

መስኮቴ ላይ ዝገት የበላው አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። የበቀለበት አበባ አይደለም፤ ሰርዶ ነው፣ ያው ሜዳ ላይ ከብት የሚግጠው ሰርዶ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ አይቶት ፈገግ ይላል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ልጅ እያለሁ እስቅበት ነበር።

ጣሳው የአባባ ነው። ነገሌ ቦረና ውስጥ አስር አለቃ ምትኩ ሲባል የማያውቃቸው አልነበረም። ከጎጃም በወታደርነት የመጡ ሰው ናቸው፤ ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚያው ቀሩ። ከጦር ካምፑ በር ፊት ለፊት ጎሚስታ ከፈቱ። ጎሚስታው ሱቅ ወለደ፣ ሱቁ አሮጌ የጭነት መኪና ወለደ። ምሳ ሰዓት ትሪ ስንከብ ከእኛ ከልጆቻቸው ሌላ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ አባቱ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ልጅ እየተጨመረ ቁጥራችን አይታወቅም ነበር። አባባ ሳይቆርሱ ማንም እጁን አይሰድም። ሲቆጡ መጮህ አያውቁም፤ ቀበቷቸውን ወደ ላይ ሳብ ያደርጋሉ፣ በቃ፣ ግቢው እረጭ ይላል። እግዚአብሔርን እንኳ በልጅነት ሐሳቤ የአባባን ካኪ ጃኬት አልብሼው ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ሳር የሚያጠጡት። ጣሳው የሚኖረው ጋቢና ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ስር በሽቦ ታስሮ ነው። በጋ ሲገባ፣ ውሃ በአህያ ከሚያዞሩት ሰዎች በጀሪካን እየገዛን በቁጠባ ስንጠጣ፣ አባባ ከገዛ ብርጭቋቸው ለሳሩ ጠብ ያደርጉለታል። የመኪና ተራ ሰዎች "አስር አለቃ፣ ዛሬ ሳሩ ቁርስ በላ?" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እማዬ ደግሞ ቀስ ብላ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ትላለች። የእሳቸው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" ከሳር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ለማናችንም አልገባንም።

አንድ ዓመት፣ ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስኳርና ሳሙና ጭነው ወደ አሬሮ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። እኔ መሀል፣ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። ጋቢናው ናፍጣና የልብስ ሳሙና ይሸታል። ያን ጊዜ ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ምድር ቀይ አቧራ ብቻ ነው፤ እዚህም እዚያም የከብት አጥንት ተበትኗል። በዚያ ሁሉ አገር ውስጥ ያየሁት ለምለም ነገር ቢኖር ፊቴ ያለው ጣሳ ነው።

ድንገት ከቁጥቋጦው መሀል አንዲት ከሲታ ላም ብቅ አለች። አባባ ፍሬን ያዙ፤ መኪናዋን ግን ጭነቷ ገፋት። የተሰማኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

"አይቁሙ አባባ! ይንዱት!" አለ ሰለሞን። የሾፌሩ ሁሉ ሕግ ይሄው ነበር፤ ከብት ከገጨህ ፖሊስ ጣቢያ እስክትደርስ ወደኋላ አትይ። በዚያ ድርቅ ደግሞ አንዲት የምትታለብ ላም የአንድ ቤተሰብ ነፍስ ነች፤ በእሷ የተነሳ የሰው ደም ሊፈስ ይችላል። አባባ ሞተሩን አጠፉ። ከግራሮቹ ስር ሰዎች ጦርና ዱላ ይዘው ሲሮጡ አየሁ፤ አንዱ ጎረምሳ ጠመንጃ አለው። ሰለሞንም ለሽፍታ ተብሎ ከመቀመጫው ጀርባ ወደተቀመጠው ጠመንጃችን እጁን ሰደደ።

"ንክች እንዳታደርጋት!" አሉት አባባ። ቀበቷቸውን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ከጣሳው ጭብጥ ሙሉ ሰርዶ ነጭተው በሩን ከፍተው ወረዱ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሳሩን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ዘርግተው፣ "ናጋ! ናጋ!" እያሉ፣ በኦሮምኛ ሰላም እየተመኙ፣ ወደ ሰዎቹ ተራመዱ። አባባ ሊሞቱ ነው ብዬ የሰለሞንን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ጎረምሳው ጠመንጃውን አነጣጥሯል። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ግን ሳሩን ሲያዩ ባሉበት ቀጥ አሉ፤ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው ሌሎቹን አገዱ።

"ይሄ ጮቆርሳ ከየት መጣ?" አሉ በተሰባበረ አማርኛ፤ ሰርዶውን በራሳቸው ቋንቋ ጠርተው።

"ይዤው ነው የምዞረው፣ አባቴ።"

"ላሜ ስትፈልገው የከረመችውን ሳር አንተ በመኪና ታዞራለህ?"

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ለማንም አንገታቸውን ሲደፉ አይቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው የላሚቱን ግንባር ዳሰሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ተነስተው ከሳሩ ግማሹን ከአባባ እጅ ተቀበሉ። ጎረምሳው ልጃቸው ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ጠመንጃውን ወደ መሬት መለሰ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ሆኜ፣ ጥይት የማያስቆመውን ነገር ሳር ሲያስቆመው አየሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ሳንጠይቃቸው፣ አባባ ተናገሩ። "ሠራዊቱ ሲበተን በዚሁ በእኛው ወረዳ በሊበን ውስጥ ጠመንጃዬን ይዤ ስንከራተት አንድ ሽማግሌ አገኙኝ። ጠመንጃውን አስጥለው ሰርዶ ነጭተው አስያዙኝ። ሳር የያዘ ሰው አይነካም፣ ሂድ አሉኝ። ከመንደር መንደር ሳልፍ ውሃ እንጂ ክፉ ቃል የሰጠኝ የለም። ያኔ ዝናብ ነበር፣ ሳሩ እንደ ልብ ነው። በጋ ቢሆንስ ኖሮ? እላለሁ ሁልጊዜ።" በሳምንቱ ከግቢያችን የምትታለበውን ላም ከነጥጃዋ ጭነው ለሽማግሌው ወሰዱላቸው። እኛ ያን ዓመት ሻያችንን ያለ ወተት ጠጣን፤ ያጉረመረመ አልነበረም።

አባባ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ነገሌ ባጃጅ ሞልቷታል፤ መኪናውም ሥራውም የሰለሞን ሆኗል። የእሱ አዲስ መኪና ጋቢና የፕላስቲክ አበባ አለው፣ ስልክ መስቀያ አለው፤ ለጣሳ ቦታ የለውምና ጣሳውን እኔ ወሰድኩት። መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። የሚያስቆምህ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰለሞን ወጥቶ እስኪመለስ እንቅልፍ የለኝም።

ሩቅ መንገድ ሊወጣ ሲል ቤቴ ጎራ ይላል። ሻዩን ይጠጣል፣ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጥቂት ሰርዶ ነጭቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ልጅ ሆኜ የተደነቅሁት በአባባ ብቻ ነበር። አሁን ስተኛ የማስበው እኚያን ሽማግሌ ነው፤ ላማቸው እግራቸው ስር ሞታ እያለ ሳሩን ያከበሩትን። ሰርዶውን እኔ አጠጣዋለሁ፤ ወንድሜን መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሳር የሚያውቅ ይሆን ዘንድ ግን ከመጸለይ በቀር የማደርገው የለኝም።