እሜቴ እስኪነሡ

በየትኛው ዓመት እንደነበረ በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል አልፎ ነበር፤ ይህን የማውቀው የጢስ አባይ መንገድ ጭቃው ደርቆ ኮረኮንቹ ብቻ ቀርቶ ስለነበር ነው። ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት ዘመን ነው። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። ዳዊት ደግሜ ትምህርቱን የተውሁ ሰው ነኝ፤ ዓመተ ምሕረት መያዝ አልለመድሁም።

ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርሁ። ዕድሜዬን የነዳሁት የጭነት መኪና ነው። መሥሪያ ቤቱ የነበረችው የአንዲት ጥቁር የቤት መኪና ሾፌር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲዛወር ግን ቁልፏን ለእኔ ሰጡኝ፤ አስፈርመው ነው የሰጡኝ። ድሮ የአንድ የከተማው ባለጸጋ ነበረች። ቤታቸው ሲወረስ እሷም አብራ ተወርሳ ወደ እኛ ገባች። ሰውየውም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ ሞቱ።

ውበቷን አላማም። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ ከመሪው ፊት ያለው እንጨት ፊት ያሳያል። ሞተሯ የአውሬ ጉልበት አለው፤ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መርገጫውን ነካ ሲያደርጉት ጀርባ ከወንበሩ ጋር ይለጠፋል። ግን አርጅታለች። ያረጀ የጭነት መኪና በሽቦ ታስሮም ይሄዳል፤ ያረጀ የጌታ መኪና እንዲያ አይደለም። ቤንዚን ጠጥታ አትጠግብም፤ የወሩን ኩፖን ወሩ ሳይጋመስ ትጨርስና ኃላፊው እኔን እንደ ሌባ ያየኛል። ዳገት ላይ ትፈላለች፤ ስለዚህ ውሃ በጀሪካን ሳልይዝ ከግቢ አልወጣም። መስኮቷ ቁልፍ ተጭነውት ነው የሚወርደው፤ አንድ ጊዜ ወርዶ አልመለስ ብሎኝ ክረምቱን በላስቲክ ሸፍኜ ነዳሁ።

ዋናው ጣጣዋ ግን ሌላ ነው። ሌላው መኪና በብረት ሞላ ላይ ይቆማል። እሷ የምትቆመው በአየር ነው። በየጎማዋ አጠገብ እንደ በሬ ፊኛ ያለ የወፍራም ጎማ ከረጢት አለ። ሞተሩ ሲነሣ አየር ይሞላዋል፤ መኪናዋም ቀስ እያለች ከፍ ትላለች። የባሕር ዳር ሙቀት ያንን ከረጢት ሰነጣጥቆት አየር ያሾልካል። ማታ ደህና ቆማ የተውኋት መኪና ጠዋት ስመጣ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ያን ጊዜ ሞተሯን አስነሥቶ እስክትነሣ መጠበቅ ነው። ተቻኩለው ከነዷት ሆዷ ይቀደዳል።

የግቢያችን ዘበኛ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ስሟን ያወጣላት እሱ ነው።

«አያ፣ እሜቴ ተነሡ ወይስ ገና ናቸው?» ይለኛል ጠዋት ጠዋት።

«ገና ናቸው። ፊታቸውን እየታጠቡ ነው» እለዋለሁ።

ግቢው ሁሉ እሜቴ ይላት ጀመር። ኃላፊያችን ሲሰማ ግን አልሳቀም። ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው። «እሜቴ የሚባል ነገር ከነባላባቱ ቀርቷል። መኪና በሉ!» አለን። እሺ አልን። እሱ ዘወር ሲል እሜቴ ማለታችን አልቀረም።

አንድ ጠዋት ሞተሯን አስነሥቼ ብጠብቅ ብጠብቅ የኋላ ግራዋ አልነሣ አለ። ሦስቱ ቆመው አንዱ ተቀምጧል። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ተቀዷል። ተለዋጩ ከውጭ አገር ነው የሚመጣ፤ የውጭ ምንዛሪ ማን ይሰጥሃል? እኔ አንተን ብሆን ስለት እሳላለሁ» አለኝ።

ወደ ኃላፊው ገባሁና ነገርሁት።

«ዓርብ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዳ ይመጣሉ» አለኝ። «ተቀብለህ ጢስ አባይ ትወስዳቸዋለህ። በዚህችው መኪና።»

«ጓድ፣ ላንድሮቨሩ ደህና ነው…»

«በዚህችው መኪና አልሁ። እስከ ትናንት ስትሄድ የነበረች መኪና እንግዳ ሊመጣ ሲል ትበላሻለች? ይህ ነገር ስም አለው፤ ስሙን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። አሻጥር ነው። ከግቢያችን አንድ የውሃ ሠራተኛ ፓምፕ ተቃጥሎበት በዚያ ቃል ተወስዷል። ሚስቱ ስንቅ ስታመላለስ ቆይታ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ከኃላፊው ቢሮ ስወጣ በሐሳቤ የሚመላለሰው ያች ሴት ሳይቀበሏት ይዛው የተመለሰችው ሳህን ነበር። ቤት ገብቼ የቀረበልኝን እራት ሳልነካ ተነሣሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ «ጉንፋን ነው» አልኋት። ልጆቼን ማየት ፈራሁ።

እንዲያ ስጨነቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህች መኪና ሰው ቤት የኖረች ናት፤ አመሏን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል። የባለጸጋው ሚስት በሕይወት አሉ። እዚያው ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር፣ በገዛ ቤታቸው ጓሮ፣ ድሮ ማድ ቤት በነበረችው ክፍል ይኖራሉ፤ ትልቁን ቤት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አድርጎታል። ከግቢያቸው ዛፍ ሎሚ እየለቀሙ ይሸጣሉ። እሳቸው ዘንድ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ፍርሃት ነው። የተወረሰ ሰው ቤት ምን ልትሠራ ሄድህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ለቀበሌው ጥበቃ «ሎሚ ልገዛ ነው» ብዬ ገባሁ።

ከክፍላቸው ውስጥ ጨርቅ የለበሰ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሎሚ ይለያሉ። ቆቤን አውልቄ እጅ ነሣሁ።

«ሎሚ የሚገዛ ሰው ቆቡን ያወልቃል እንዴ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እሜቴ፣ እኔ የመኪናዋ ሾፌር ነኝ።»

«ተው አንተ! ያ ስም ቀርቷል፣ ሰው ይሰማሃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት ናት?» አሉኝ፣ ስለ ሰው እንደሚጠይቁ።

«ተቀምጣለች። አልነሣ ብላኛለች።»

«የኋላ ግራዋ ነው?»

ደነገጥሁ። «እንዴት አወቁ?»

«ባለቤቴ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነበር የሚቀመጡት» አሉና ሳቁ። «ሲቀመጡ እንኳን መኪና ወለሉም ያቃስት ነበር። የዚያ በኩል ከረጢት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።»

ዓርብ የሚሆነውን ነገርኋቸው። ስለ ውሃ ሠራተኛውም ነገርኋቸው። ሎሚ መለየታቸውን ቀጠሉ። መምጣቴን ጠላሁት። እሳቸው እኔን የሚረዱበት ምን ምክንያት አላቸው? የወሰዱባቸውን መኪና ነው የምነዳው።

ከዚያ ተነሡ። ጨርቁን ገልጠው የተቀመጡበትን ሳጥን ከፈቱት። በገለባ ውስጥ አዲስ ጥቁር የጎማ ከረጢት ተኝቷል።

«ያለንን ሁሉ አስመዝግቡ ሲሉ ይህን አላስመዘገብሁም» አሉኝ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከቤቴ አንድ ነገር እንኳ ለእኔ ይቅር ብዬ ይሆናል። ከየት እንደመጣ ከተናገርህ እኔን ከዚህችም ክፍል ያወጡኛል። ገባህ?»

በጆንያ ከተው ከላዩ ሎሚ ሞሉበት። ስወጣ ጥበቃው «ይህን ሁሉ ሎሚ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ።

«ጉንፋን ይዞኛል» አልሁት። ላቡ ፊቴ ላይ ይወርድ ስለነበር አመነኝ።

መካኒኩ ከረጢቱን ሲያይ አንድ ቃል አልጠየቀም። «ስለትህ ሰመረ» ብሎ ሥሯ ገባ። ዓርብ ጠዋት ሞተሯን አስነሣሁ። አራቱም ቀስ እያሉ ተነሡ። እኔ ግን ገና እፎይ ሳልል ኃላፊው ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል።

«አገር ውስጥ የለም ያላችሁት ዕቃ ከየት መጣ?»

ለዚህ ጥያቄ የምመልሰውን ውሸት ሳጠናው ነበር ያደርሁት። አፌን ስከፍት ጠፋኝ። ምላሴ ላይ የነበረው እውነቱ ብቻ ነው፣ እሱም አመለጠኝ።

«እሜቴ ሰጡኝ» አልሁ።

አለቀ አልሁ፤ እኔም አለቅሁ፣ እሳቸውንም ጨረስኋቸው። ዘበኛው ግን ከበሩ ላይ በሳቅ ፈነዳ።

«ደብቀውት ኖሯል! ይሄን ሁሉ ቀን ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት!»

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «እሜቴ አትበሉ ብዬ አልነበረም? መለዋወጫው ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በደንብ ሳትፈትሽ ነው ያስጨነቅኸኝ?»

«ጥፋቴ ነው፣ ጓድ» አልሁ።

«መኪና በል!»

«መኪና» አልሁ።

እንግዳውን ተቀብዬ ጢስ አባይ ወሰድኋቸው። እሳቸው «ታንኳ ላይ ያለሁ ነው የሚመስለኝ» እያሉ ሲደሰቱ፣ እኔ ጆሮዬ መንገዱን ሙሉ የኋላ ግራዋ ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ዝቅ ብለዋል፤ ያ ብቻ እንደቆመ አድሯል።

መኪናዋ በኋላ ሞተሯ ከነአካቴው እምቢ ብሎ ከግቢው ጥግ ቀረች። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ሎሚ የምገዛው ከአንድ ቦታ ነበር። ዛሬ ልጆቼ «በዚያ ክፉ ጊዜ ማን ደረሰልህ?» ሲሉኝ እሜቴ ናቸው እላቸዋለሁ። መኪናዋ ትመስላቸውና ይስቃሉ። አይደለም፤ የግሽ አባይዋ ባለ ሎሚ ናቸው።