የአጎቴ ስንዝርና የፒካፔ ሞላ

ዛሬ መካኒኩ አዲሱን የፊት ሞላ እንደምንም ታግሎ ሲያስገባው ፒካፔ በአንድ ጎኗ ተነስታ ቁጭ አለች።

"ሞላው በጣም ረጅም ነው፤ ንዝረት የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር እስከ መጨረሻው ተወጥሯል። አንድ ጉድጓድ ብትገባ ይበጠሳል" አለኝ።

ነገ ጠዋት እኮ እናቴን ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለዓይን ሕክምና ማድረስ አለብኝ! መንገዱን ደግሞ የሄደበት ያውቀዋል።

ሞላውን ገዝተው ያመጡልኝ አጎቴ ናቸው። ደብረ ብርሃን ስለነበሩ ደውዬ "ሁለት ስንዝር የሚሆን ይግዙልኝ" አልኳቸው። አሮጌውን በእጄ ለክቼ ነው።

የኔ እጅ ከጠመኔ ሌላ አያውቅም። የሳቸው ዕድሜ ልኩን እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ነው፤ አካፋ ያክላል።

ዛሬ ጋራዥ ጠራኋቸውና መጡ። ሞላው ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው "ይኸው፣ ሁለት ስንዝር!" አሉኝ። እውነትም ሁለት ነው። በሳቸው።

"ምናለ በሜትር ቢለኩት ኖሮ?" ብዬ ተነጫነጭኩ።

ከኮታቸው ኪስ ጥቅል ሜትር አወጡ። "ይዤማ ነበር፤ ስንዝር ያልከኝ አንተ ነህ።"

መካኒኩ ሳቁን ለመደበቅ መኪናዋ ሥር ገባ።

እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ያስተማርኩት ስለ መለኪያ ነው።

እስቲ እንደኔ በስንዝር ጉድ የሆናችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልናደድ። ተማሪዎቼ ግን አታንብቡ።