ጸሎት የማይለምን ድንጋይ

ፐርና በየማለዳው ዳቦ ቤቷን ከመክፈቷ በፊት ቤተ ክርስቲያን ትገባና ወለሉ ላይ ተንበርክካ የባሏን የመቃብር ድንጋይ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ማንበብ አትችልም። እኛ ሮም ውስጥ ከወንዙ ማዶ የምንኖር ሁሉ የምናውቀውን ግን ታውቃለች፤ በድሮ ድንጋዮች ግርጌ «ጸልዩለት» የሚል ቃል አለ። ማንበብ የሚችል መንገደኛ ያየውና ቆሞ አንድ «አባታችን ሆይ» ይደግማል። ነፍስ ከሞት በኋላ ከምትነጻበት እሳት ቶሎ የምትወጣው በዚያ ነው።

የባሏ የፕሮስፔሮ ድንጋይ ላይ ግን የሚጸልይ የለም። ያነባሉ፤ ፈገግ ይላሉ፤ ያልፋሉ። በጾሙ መግቢያ ሰሞን ፐርና መነኩሴውን አባ ሴቬሮን አስቁማ «እስቲ ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

መነኩሴው አንብበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጁፒተር ጀግኖች ወደሚያርፉበት መስክ ይውሰደው ይላል።»

«የምን ጀግና? ዳቦ ጋጋሪ እኮ ነው! ጁፒተርስ ማነው?»

«የጥንቶቹ ጣዖት።»

«ክርስቶስስ?»

«የለም።»

«‹ጸልዩለት›ስ?»

«እሱም የለም፣ ልጄ።»

ድንጋዩን ያስቀረጸው የጋጋሪዎቹ ማኅበር ነው፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የፀጉር ቆራጩ ልጅ ቪቶ ነው። የጥንቱን ላቲን እንመልሳለን ከሚሉት ምሁራን ጋር መዋል ከጀመረ ወዲህ በላቲኑ ቪቴልዩስ ብለው ካልጠሩት አይዞርም። ፐርና ማኅበርተኞቹ በተሰበሰቡበት ገባችበት።

«አንተ ቪቶ! ባሌን ለጣዖት ስጥ ያለህ ማነው?»

«እማማ ፐርና፣ ጁፒተር ስንል እግዚአብሔር ማለታችን ነው። የተማረ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው።»

«እግዚአብሔር ስም ጠፍቶለት ነው?»

«ይረጋጉ እንጂ። ‹ጸልዩለት› የመነኮሳት ላቲን ነው፤ የጥንቶቹ እንደዚያ አይሉም። ድንጋዩን ያበላሸዋል።»

«የጥንቶቹማ መቼ ተጠመቁ! የእናትህን ሬሳ የተሸከመው ፕሮስፔሮ ነው። የሷ ድንጋይ ምን ይላል?»



«የሷማ ‹ጸልዩላት› ይላል» አለ አንዱ ጋጋሪ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ይሁንና አንዲት ፊደል አልተነካችም። አንድ ጳጳስ ጽሑፉን አድንቀውት ነበርና የማኅበሩ አለቃ በዚያ ይኮራል። ሰውየው እሳት ውስጥ ሆኖ እነሱ ስለ ቃል ውበት ያወራሉ። እናቱን በጸሎት የቀበረ ሰው የሌላዋን ባል ጸሎት ከልክሎ ሊቅ ይባላል።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ፐርና ቅዳሴ ሲያልቅ ድንጋዩ አጠገብ ትቆምና ለሚያልፈው ሁሉ «ለፕሮስፔሮ ጸልዩለት» ትላለች። ብዙዎቹ ቆመው ይጸልያሉ። ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያን ትጮኻለች ብሎ ከሷታል፤ ጉዳዩ ማክሰኞ ይታያል።