ሽቅብ የሚፈሰው ውኃ

ይህ የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥር ወር፣ ነገሌ ቦረና ተመድቤ ስምንት ወር በሆነኝ ሰሞን ነው። የማልረሳው ስላፈርኩበት ብቻ አይደለም። የዚያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የዝውውር ማመልከቻ ይዤ ነበር። ከመስክ ስንመለስ ለአለቃዬ ልሰጠው ወስኜ ነው ያደርኩት።

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ሥራዬ የውኃ ግንባታዎችን ፕላን መሣል ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ኦሮምኛ አልችልም ነበር። ከሰው ጋር ቶሎ የምግባባም አይደለሁም። ክፍል ያከራዩኝ፣ ሱቅ ያላቸው፣ እማማ ሐዋ የሚባሉ ደግ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት “አካም ቡልቴ?”፣ እንዴት አደርሽ፣ ይሉኛል፤ “ናጋ”፣ ደህና፣ እላለሁ። ጨዋታችን በዚያው ያልቃል። አማርኛ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደምል ግራ ይገባኝና ወደ ባጃጁ እሮጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ አንድም ቃል ሳልናገር የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ ተጠራርተው ሲወጡ እኔ ምሳ ይዣለሁ ብዬ እቀራለሁ። በዚያ ሰዓት የሚጠቀምበት ሰው ስለሌለ ኢንተርኔቱ ደህና ይሠራል። አንድ ቀን የቦይ ሥዕሎች ስፈልግ የአንድ አውሮፓዊ ሠዓሊ ሥራ ወጣልኝ። ከሞተ ቆይቷል፤ ዓይን በሚያታልሉ ሥዕሎቹ በዓለም የታወቀ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓቴን በሙሉ ከእሱ ጋር ማሳለፍ ያዝኩ።

ዓሦች ቀስ በቀስ ወፍ ሆነው የሚበሩበት አለ። ሁለት እጆች እርስ በርስ የሚሣሣሉበት አለ። በአንዱ ላይ ሰዎች ጣሪያ ላይ ያለ ደረጃ ይወጣሉ፤ ደረጃው ዞሮ ዞሮ ከተነሡበት ይገጥማል። መቼም ጫፍ አይደርሱም፤ እያንዳንዱ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው። እሱን ሳይ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። በማግስቱ ግን መልሼ ከፈትኩት።

ከሁሉም የወደድኩት ፏፏቴውን ነው። ውኃው ከማማ ላይ ወርዶ መዘውር ያዞራል፤ ከዚያ በተጣመመ ቦይ ይሄድ ይሄድና ሳይታወቅ ተመልሶ ማማው አናት ላይ ይገኛል። እንደማይሆን በሙያዬ አውቃለሁ። ስሕተቱ የቱ ጋ እንዳለ ለማግኘት መስመር በመስመር ስከተል ሰዓቱ ይሄድልኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፕላን በምናትምበት ትልቅ ማሽን አተምኩት። የክፍሌ ግድግዳ ባዶ ነበር። በሕይወቴ ሳላስፈቅድ ያደረግኩት ነገር ጥቂት ነው፤ ሰው እንዳያየው ስል ቶሎ ብዬ በማግስቱ ከምንወስደው ፕላን ጋር አንድ ላይ ጠቀለልኩት። ቤት መውሰዱንም ረሳሁ።

የምንሄደው ከነገሌ የግማሽ ቀን መንገድ የሆነ ቆላ ነው። እዚያ ያለውን ከብት የሚጠጣበት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ፣ እነሱ ኤላ የሚሉትን፣ ለማደስ ያወጣነውን ፕላን ለሽማግሌዎች ማሳየት ነበረብን። ስንደርስ ግራር ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። አለቃዬ አቶ ጃተኒ የአገሩ ልጅ ስለሆነ ሰላምታውና ጥየቃው ረዘመ። እያወራ ጥቅልሉን ከእጄ ተቀበለና ሳያየው የመኪናው በር ላይ በፕላስተር ለጠፈው።

ፏፏቴው ነበር።

ሹፌራችን ከድር ጠጋ ብሎ አየና “የዘንድሮ ኤላ ፎቅ አለው እንዴ?” አለኝ። አቶ ጃተኒ ዞሮ ሲያየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። “የእኔ ነው” አልኩት። ልንገነጥለው ስንል ግን የጉድጓዱን የውኃ ተራ የሚመሩት ሽማግሌ፣ አባ ቦሩ፣ በዱላቸው ከለከሉን። ተነሥተው መጡ። ከማማው ጀምረው ውኃውን በዱላቸው ጫፍ ተከተሉት፤ እኔ ለሳምንታት በጣቴ እንደተከተልኩት።

በመጨረሻ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ከድር ተረጎመልኝ።

“ውኃ ሽቅብ መውጣቱ አልደነቃቸውም። እኛም ዘንድ ይወጣል ነው የሚሉት። ግን እዚህ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ልብስ ታሰጣለች፣ አንዱ አንጋጦ ያያል። ታዲያ ውኃውን ማን ነው የሚያወጣው?”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። አቶ ጃተኒ ይቅርታ ጠይቆ ትክክለኛውን ፕላን ለጠፈ። አባ ቦሩ በዚያው ዱላ እሱንም ከታች እስከ ላይ ተከተሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“እዚህስ ሰዎቹ የት አሉ?” አሉ።

“ጉድጓዱን አይቼው አላውቅም” አልኩ፤ ከድር ተረጎመላቸው። ፕላኑን የሣልኩት ሌሎች ለክተው ካመጡልኝ ቁጥር ነው። ሰው ሲቀዳበት አይቼ አላውቅም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ግንቡን አሣምሬ አንድ የብረት መሰላል አቁሜበታለሁ። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ የሚቆሙባቸውን እርከኖች በሙሉ በሲሚንቶ ደፍኛቸዋለሁ።

“ወደ ጉድጓዱ አምጧት፤ ሳታይ እንዴት ትሣል?” አሉ።

ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ከብቶቹ በተራ ይጠጣሉ። ከጨለማው ሥር እስከ ገንዳው ሰው በሰው ላይ ቆሟል፤ ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል፣ ሁሉም በአንድ ዜማ ይዘፍናል። ዳዲ የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ከበላይዋ ያለውን ሰው ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ቦታ አስለቀቀችልኝ። “ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ” አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። ጫማዬን አውልቄ ከላይ ሦስተኛ ሆኜ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ባልዲ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ከታች ሳቅ ተሰማ፤ ዜማው ግን አልቆመም። ሁለተኛውን ይዤ አቀበልኩ። ጥቂት እንደቆየሁ ሌላ ነገር ማሰብ ተውኩ። እጄን ካዘገየሁ ከታች ያሉት ሁሉ ባልዲ አንጠልጥለው ይቆማሉ፣ ከላይ ያለው ባዶ እጁን ይዘረጋል። ስምንት ወር ሙሉ ብቀር የሚፈልገኝ ሰው እንደሌለ ሳስብ ነው የኖርኩት። እዚያ ግን ለአፍታ ብዘገይ “ኢንተላ!” ብለው ይጣሩ ነበር።

ስንመለስ ልብሴ ርጥብ ነበር፤ ማመልከቻው ከቦርሳዬ አልወጣም። በማግስቱ ማስጠንቀቂያ እጠብቅ ነበር፤ አቶ ጃተኒ ግን ፕላኑን እንደገና እንድሠራ ብቻ ነገረኝ። እርከኖቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው።

ብቸኝነቴ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ። አሁንም ምሳ ሰዓት ብዙ ጊዜ ቢሮ እቀራለሁ፣ ያንን ደረጃም እያየሁ ሆዴ ይባባል። ግን እማማ ሐዋ “አካም ቡልቴ?” ሲሉኝ “ናጋ” ብዬ አልሮጥም፤ “እርስዎስ?” እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያወሩት እሳቸው ናቸው።

ሥዕሉ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በቦዩ ዳር፣ በየመታጠፊያው፣ በእርሳስ ትናንሽ ሰዎች ሥዬበታለሁ። ከላይ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።