ቤት ወይስ መኪና

አባዬ ያችን አሮጌ ኮምቢ ጎትቶ ግቢ ያስገባ ቀን እኔና ታናሽ እህቴ በጩኸት ሰፈሩን ቀወጥነው። እንዲያው ምን ልበላችሁ! ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ያለው ሰው አለ፤ ጋሪ ያለው አለ፤ ብስክሌትማ የሌለው የለም። አልጋ ያላት መኪና ግን ከእኛ በቀር ማን ነበረው? ማንም!

አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ ነበር። መኪናዋ ማሽን ሊተክል የመጣ የአንድ ፈረንጅ ነበረች። ሰውዬው ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ገባ፤ እሷ አልነሣም ብላ የፋብሪካው አጥር ሥር ቀረች። ዶሮ እየገባ እንቁላል ይጥልባት ነበር። አባዬ ለምኖ ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አላገኘም። እማዬ ራት ቀርቧል ስትል ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። "ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እሷን?" ትለው ነበር።

ሠርቶ ሲጨርሳት ግን እማዬም አፏን ይዛ ቀረች። ከኋላ ቀን ወንበር፣ ማታ አልጋ የሚሆን ሳንቃ አለ። ከጎኑ ቁም ሳጥን፣ የቡታ ጋዝ ምድጃ፣ ደግሞ ሚጢጢ የእጅ መታጠቢያ ከነቧንቧዋ! ውኃውን የምትስበው ከጀሪካን ነው፤ ቢሆንም ቧንቧ ቧንቧ ነው። ቀይ አበባ ያለበትን መጋረጃ እማዬ ራሷ ሰፋችው። የሰፈር ልጆች ተራ እየጠበቁ ገብተው ይቀመጣሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ "እግራችሁን ጥረጉ! ቤት እኮ ነው!" እላለሁ። ጎረቤቶቻችን "ቤቷን የተሸከመች ኤሊ" እያሉ ሳቁብን። ይሳቁ! ቅናት ነው።

አሁን የእማዬን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ወሬው አይገባችሁም። እማዬ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ፋብሪካ ልትሠራ መጥታ፣ አባቷ እሺ ሳይሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ አገሩ የማይታወቅ መካኒክ አገባች። አያታችን ይህን ሲሰሙ ደጀ ሰላም ቆመው ማሉ፤ "የዚያን ሰው ቤት ብረግጥ ሰው አይደለሁም! እሷም የእኔን ቤት አትረግጥም!" አሉ። መሐላ በእነሱ አገር ዋዛ አይደለም። ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ። ቄስ ተላከ፣ ተመለሰ። እሳቸው "ምያለሁ" ካሉ አለቀ። እኔ ተወለድሁ፣ እህቴ ተወለደች፤ አያታችንን ግን በመልክ አናውቃቸውም። እማዬ በዓል በመጣ ቁጥር ይከፋታል። "አባቴ አንዲት ቀን ከእጄ እህል ቢቀምሱልኝ፣ ሌላ ነገር ከእግዜር አልጠይቅም ነበር" ትላለች።

ያን ሰሞን አክስቴ፣ የእማዬ እህት፣ ከእንፍራንዝ መልእክት ላከች። "የአባታችን ዓይን እየደከመ ነው፣ ልባቸውም ራርቷል፣ መሐላው ብቻ ነው የያዛቸው" አለች። አባዬ ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበና ሳቀ። "ቤታቸው አትገቢም፤ ቤቴ አይገቡም። ደጅ ላይ እንዳትበሉ የመንደሩ ሰው ዓይን አለ፣ ነውር ነው። መኪናዋን አጥራቸው ሥር ባቆማትስ? እዚያ ውስጥ አብራችሁ ብትበሉ የትኛው መሐላ ይፈርሳል?" አላት። እማዬ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አንተ ሰው!" ብቻ አለች። ዘዴው እንግዲህ ይኸው ነበር። ለእኔና ለእህቴ ግን ማን ነግሮን! እኛ የሰማነው "አያታችሁ ዘንድ ልንሄድ ነው፤ መኪናዋ ውስጥ ነው የምናድረው" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጆሯችን ሌላ ነገር አልሰማም።

በዚያ በደርግ ዘመን ቤንዚን ለመቆጠብ እሁድ መኪና መንዳት ክልክል ነበርና ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። የይለፍ ወረቀቱ ከቀበሌ ወጥቷል፤ በኩፖን የሚሰጠው ቤንዚንም ተጠራቅሞ ከርሟል። እማዬ ቀደም ብላ ሐይቁ ዳር ወርዳ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ገና የሚንፈራገጥ ቆሮሶ ገዝታ መጥታለች። አያታችን ከዓሣ የሚያስበልጡት ምግብ የለም። ጠበሰችው፣ አዋዜ ቀባችው፣ ከእንጀራው ጋር አገልግል ውስጥ ከተተችው። ያን አገልግል መንገዱን ሙሉ ከጭኗ አላወረደችውም።

ኮምቢያችን እንደ ልማዷ አልነሣም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። "ኑ እስቲ፣ ቤት እንግፋ!" እየተባባለ በሳቅ ገፋት። ዷ! ዷ! አለችና ተነሣች፤ ጭሷ ዘምባባውን ሁሉ ሸፈነው። እኔና እህቴ በኋላው መስኮት "ደኅና ሁኑ! ቤታችን ሄደ!" እያልን እጃችንን እናወዛውዛለን። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር "ጉማሬ! ጉማሬ!" ብዬ ጮኽሁ፤ ድንጋይ ነበር። ምን ቸገረኝ፣ ጉማሬ ነው ብዬ ድርቅ አልሁ። እህቴ ቧንቧዋን እየከፈተች እጇን ስትታጠብ፣ እንደገና ስትታጠብ፣ ሐሙሲት ሳንደርስ የጀሪካኑ ውኃ አለቀ። አባዬ እንኳ አልተቆጣም። መሪውን በመዳፉ እየመታ ያፏጫል፤ እማዬን በጎን እያየ "እሺ እመቤት፣ ቤትሽን ይዤሽ ስሄድ ምን ይሰማሻል?" ይላታል። እሷም እንደ ልጅ ትሽኮረመማለች። ሁለቱን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ደስታው ሊገድለኝ ደረሰ።

ወረታ ኬላው ላይ አንድ ጠብመንጃ የያዘ ጠባቂ አስቆመን። የጎኑን በር ከፈተ። አልጋውን አየ፤ ምድጃውን አየ፤ መጋረጃውን በጣቱ ነካ አደረገ።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለ።

እህቴ ማን ቀድሟት! "ቤታችን ነው!" አለች።

"አሃ! ባሕር ዳርስ ሌላ ቤት አላችሁ?"

"አዎ! እሱ ግን አይሄድም።"

ጠባቂው ወደ አባዬ ዞረ። "ጓድ፣ ሁለት ቤት ነው ያለህ ማለት ነው። ይኸኛው ትርፍ ቤት ነው። ትርፍ ቤት ደግሞ እንደሚወረስ አታውቅም?" አለው።

በዚያ ዘመን በዚህ ነገር ማን ይቀልዳል? ከአንድ በላይ ቤት የነበረው ሁሉ ትርፉን መንግሥት ወርሶበታል። የአባዬ ላብ ጠብ ጠብ አለ። "ኧረ ጓድ! መኪና ነው! ልጅ ምን ታውቃለች? ሰሌዳው ያውና፣ ሊብሬው ይኸው!" እያለ ወረቀት ያገላብጣል። ጠባቂው ፊቱን እንዳጠቆረ ወደ ውስጥ ገባ። ጠብመንጃውን ከጎኑ አስደገፈና አልጋው ላይ ተጋደመ። ዓይኑን ጨፈነ።  ከዚያ ብድግ ብሎ በሳቅ ፈነዳ። "መኪና ከሆነማ እለፉ። ቤት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከዚህ የሚያስወጣኝ አልነበረም!" አለ። አባዬም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

እህቴ ግን አልሳቀችም። "ለምን መኪና ነው አልከው? ቤት ነው! አንተ ራስህ ቤት ነው ብለሃል!" ብላ ለቅሶዋን አቀለጠችው። እማዬ ብታባብላት፣ እኔ ብቆነጥጣት አሻፈረኝ አለች። የይፋግ ሜዳ ላይ ስንደርስ አባዬ ተሸነፈ። "እሺ በቃ፣ ቤት ነው! ቤት ነው ብያለሁ፣ ዝም በይልኝ!" አላት። ወዲያው ዝም አለች። ጣና በግራችን እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል፤ እኔና እህቴ በደስታ ዘፈን ጀመርን። ሰው ከብቱን እየተወ ቆሞ ያየናል፤ እኛም መጋረጃውን ገለጥ እያደረግን ሰላምታ እንሰጣለን። የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ብቅ ሲል፣ እንፍራንዝ መቅረቡ ነውና፣ እማዬ አገልግሉን አጥብቃ አቀፈች።

አክስቴ መምጣታችንን ነግራቸው ኖሮ አያታችን አጥራቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ረጅም ናቸው፤ ጋቢ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ ጣል ጣል ብሎበታል። እማዬ ወርዳ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። "መጣሽ?" አሉ። "መጣሁ አባቴ።"  የመንደሩ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

አባዬ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። "አባቴ፣ ፀሐዩ በርትቷል። ገባ ብለው አረፍ ይበሉ" አላቸው፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። አያታችን አንድ እግራቸውን አነሡና ደረጃዋ ላይ አደረጉ። እማዬ አገልግሉን ታቅፋ ከኋላቸው ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ሳትጸልይ አልቀረችም። እጃቸው መጋረጃውን አገኘው፤ ዳሰሱት።

"ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

"ቤታችን ነው አባባ!" አለች እህቴ። "አልጋ አለው! ምድጃ አለው! አባዬ ራሱ ቤት ነው ብሏል!"

አያታችን እሳት እንደ ነካው ሰው እግራቸውን መለሱ። ወይ ጣጣ! አባዬ "መኪና ነው አባቴ! መኪና ነው! ሰሌዳ አለው!" ቢል ማን ሰምቶት።

"ሕፃን አትዋሽም" አሉ። "ሰው የሚተኛበት፣ እሳት የሚነድበት ቤት ነው። የአንተን ቤት ላልረግጥ ምያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።" ዘንጋቸውን ይዘው ሄዱና በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ ግቢያቸው አዞሩ። እማዬ አገልግሉን እንዳቀፈች አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

እኔ ግን በገንሁ! "ምን ዓይነት ግትር ሽማግሌ ናቸው? ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን!" ልል አፌን ስከፍት አባዬ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። የዕቃ ሳጥኑን አወጣ። ካቻቢቴውን ያዘና ገባ። መጀመሪያ ምድጃው ወጣ፤ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ። ቀጥሎ መታጠቢያዋ ከነቧንቧዋ።  መጋረጃውን አወርድለት ዘንድ አመለከተኝ፤ አወረድሁትና ይዤው አያታችን አጠገብ ቆምሁ። እህቴ "ቤታችንን አፈረሰው!" ብላ እሪ አለች። 

የቀረው አልጋው ነበር። ብሎኑ ዝጓል፤ ቢያሽከረክረው አልላቀቅ አለ። አባዬ ሸሚዙን ከፍ አደረገ። መዶሻ አነሣ። ስንት ወር የላገውን፣ ስንት ማታ ቀለም የቀባውን ሳንቃ መታው። ጧ! ሳንቃው ከመካከሉ ተሰነጠቀ።

አያታችን ቀና አሉ። "ምንድን ነው የሚሰብረው?" አሉ፤ ከእኔ ሌላ ቅርባቸው የነበረ ሰው የለም።

"ቤቱን ነው" አልሁ፤ በቁጣ ነው ያልሁት።

"ስለ ምን?"

"እርስዎ እንዲገቡ ነዋ!"

 ከዚያ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ መኪናዋ መጥተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ወለሉን ዳሰሱ፤ ግድግዳውን ዳሰሱ። ባዶ ቆርቆሮ ነው። አባዬ መዶሻውን እንደያዘ፣ ላቡ እየወረደ ቆሟል።

"የማልሁት ቤቱን ላልረግጥ ነበር" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። "ሰውዬው ቤቱን ለእኔ ብሎ በእጁ ካፈረሰ፣ እኔ ከእንግዲህ በምኑ ልቀየመው?"

እግራቸውን አነሡ። ደረጃዋን ረገጡ። ገቡ። ባዶው ወለል ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና "አንተም ግባ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?" አሉት አባዬን። ሁላችንም ተከትለን ገባን፤ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ተቀመጥን። አባዬ የአጥሩ ሰው እንዳያይ በሩን ዘጋው።

እማዬ አገልግሉን ከፈተች። አጥንቱን ለቀመች፤ በእንጀራ ጠቀለለች። ወደ አፋቸው ዘረጋችው። ተቀበሏት። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዋጡ። ከሞራው ሥር እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ። "ድገሚኝ።"