ከበርበሬው ኋላ የደበቅኩት ዱቄት

አማቴን ሳያውቁ ጾማቸውን ያስገደፍኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ከቤታችን ውጪ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም የነገርኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በሰፈራችን በሲኤምሲ የምታወቀው በጥንቃቄዬ ነው። እንቁላል ከመስበሬ በፊት አጥባለሁ። የልጄን ወተት ሁለቴ አፈላለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ያልገባኝን ነገር እፈራለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት ሰው ሳላስነብብ ለማንም ክኒን አልሰጥም። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን እኔ ጋ ጥለው ሲሄዱ ዞር ብለው እንኳ አያዩም።

አማቴ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ላምበረት መናኸሪያ ልቀበላቸው የሄድኩ ዕለት፣ ሦስት የአውቶቡስ ደረጃ ለመውረድ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቁ። ጉልበታቸው ነው። እሳቸው ቁርጥማት ይሉታል። ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ግን ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለው ለስላሳ ነገር ተሸርሽሮ አጥንት ከአጥንት እንደሚፋተግ አሳየን። ማስታገሻ አዘዘላቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ማንሣትንም አለማመዳቸው። ሰዎች ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል እያሉ ስለሚገዙት የኮላጅን ዱቄት ስጠይቀው፣ "አንዳንዱን ይረዳዋል፣ አንዳንዱን አይረዳውም። ከምግብ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ለእሳቸው ብዙ አያሰጋም፤ ግን ተአምር አትጠብቂ" አለኝ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ካለ ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። ሻጯ ከከብት ቆዳና አጥንት እንደሚሠራ ነገረችኝና፣ "ዋናው ነገር እናት፣ ሦስት ወር ሳይቋረጥ ነው። ካቋረጡት እንደ አዲስ መጀመር ነው" አለችኝ። የሐኪሙን ቃል ትቼ የሻጯን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አማቴ ከጾም ቀን በቀር አንድ ወር ያህል በወተት እየበጠበጥኩላቸው ጠጡት። የሁዳዴ ቅበላ ዕለት ግን የዱቄቱን ቆርቆሮ ይዘው ወጥ ቤት መጡ።

"በይ ይቺንም አንሺልኝ፤ የከብት ነው ብለሽኛል።" ከዚያ ቆርቆሮዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ "አንቺ ደግሞ ደህና ሰንብቺ፤ ለፋሲካ ያገናኘን" አሏት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሃምሳ አምስት ቀን። የወር ልፋታችን ከንቱ ሊቀር ነው ብዬ ሰጋሁ። ስጋቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አላፍርም ነበር። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር። ከመጸዳጃ ቤት ደግፎ ማንሣት፣ ሦስት ፎቅ እጃቸውን ይዞ ማውጣት፣ "ልጄ፣ አስቸገርኩሽ" ሲሉኝ "ኧረ ምንም አይደል" ማለት። ቶሎ እንዲሻላቸው የፈለግኩት ለእሳቸው ብቻ ብዬ አልነበረም።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ዱቄቱን ወደ ብልቃጥ ገልብጬ ከበርበሬው ዕቃ ኋላ አስቀመጥኩት። አማቴ እህል የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠጡትም የአጃ አጥሚት ነው። ዱቄቱ ነጭ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። አንድ ማንኪያ ጨምሬ ሳማስለው ምንም አይታወቅም። ለራሴ "መድኃኒት ነው፣ ለታመመ ይፈቀዳል" አልኩ። ከተፈቀደ ለምን እንደምደብቀው ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብላ መጥታ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ያ የእማማ ዱቄት አይደል?"

"ምን አገባሽ? ዩኒፎርምሽን ቀይሪ።"

"ሲሪየስሊ? እማማ እኮ እየጾመች ነው!"

"መድኃኒት ነው።"

"እና ንገሪያታ።"

"ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ!" አልኳት። ይባስ ብዬ አጥሚቱን በእሷ እጅ ላክሁት። ልጄ ዋሸች ብዬ የተቆጣሁባቸውን ቀናት ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

ጾሙ ሲጋመስ የአማቴ ጉልበት ለቀቅ አለላቸው። ዱቄቱ ይሁን፣ በየጠዋቱ ከልጄ ጋር እየቆጠሩ የሚያነሡት እግራቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደረጃውን ግድግዳ ብቻ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ላገኙት ሰው ሁሉ፣ "ጾሙ ነው። ያንን ዱቄት ትቼ ጾሜን ስይዝ እሱ ዳሰሰኝ" ይሉ ነበር።

"እንግዲህ ዘንድሮ ለስቅለት ስግደት ልንወዳደር ነዋ!" አለቻቸው ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን።

"አንቺን ማሸነፍ ምን ያስመካል? ሦስት ሰግደሽ ስልክሽን የምታወጪ!"

ደረጃው ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እኔ ስቄ ሳልጨርስ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬ ላይ አቀረቀርኩ።

አማቴ ቆራቢ ናቸው። በጸሎተ ሐሙስ ሊቆርቡ ተዘጋጅተዋል። ከሆሳዕና በፊት ብነግራቸው ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ይፈቱ ነበር፤ በሕማማት ሳምንት ግን ቄስ አይፈታም፣ መስቀልም አያሳልምም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ዓርብ አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ክፍላቸው ስገባ ለቁርባን የሚለብሱትን ነጠላ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው። "ልተኩስልዎት?" ብዬ ነጠላውን ተቀብዬ ወጣሁ።

የነገርኳቸው በሕማማት፣ ማክሰኞ ነው። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ አጥሚቱ ውስጥ ያንን ዱቄት እጨምርበት ነበር።"

"የቱን?"

"የከብቱን።"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አነሡት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ሳምንት።"

"ልጅቷ ታውቃለች?"

"አዎ።"

"እሷንም?" አሉኝ። "እኔስ አሮጊት ነኝ፤ ሳላውቅ የቀመስኩትን እሱ ያውቀዋል። እሷን ምን አድርጊ ብለሽ ነው?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"ቅዳሜ ነጠላዬን ልትወስጂ ስትገቢ ይህን ልትነግሪኝ ነበር?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሐሙስ ዕለት አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው ሲጀመር ከግቢው ግንብ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ቆራቢዎቹ ሲነሡ እሳቸው አልተነሡም። ጎረቤታችን አይታቸው ደንግጣ መጣች።

"ምነው እማማ? አይቆርቡም እንዴ?"

አሁን ሊናገሩ ነው ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

"ጉልበቴ" አሉ። "ተመልሶ ያዘኝ፤ መቆም አቃተኝ።"

"ውይ! ድኖልዎት አልነበር?"

"ድኖ ነበር። ምን ይደረግ።"

ወደ እኔ አልዞሩም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። ለእኔ ሲሉ ዋሹ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ያውም በሕማማት።

ዋሽተውም አልቀረላቸውም። በማግስቱ ስቅለት ነው። ጉልበቴ ያዘኝ ያሉ ሰው በሰው ፊት እንዴት ይሰግዳሉ? ጾሙን ሙሉ የተዘጋጁለትን ስግደት፣ መስገድ እየቻሉ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ጎረቤታችን "ውድድራችን ቀረ" ስትላቸው ፈገግ አሉላት። እኔ አጠገባቸው ሰገድኩ። ጉልበቴ ጤነኛ ነው። በወደቅኩና በተነሣሁ ቁጥር የማየው የእሳቸውን እግር ነበር፤ ከነጠላው ሥር፣ እኔ ስወድቅ ጣቶቻቸው ጫማቸው ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ንስሐ አባታቸው ጋ ሄደው ነበር። ምን እንዳሏቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከብልቃጡ የተረፈውን ዱቄት ልጄ እያየችኝ ደፋሁት።

አሁን የሰኔ ጾም ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማቴ በርጩማቸውን ይዘው ወጥ ቤት ይገባሉ። "ላጫውትሽ ብዬ ነው" ይላሉ። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ያወራሉ፤ ዓይናቸው ግን ከድስቱ አይነሣም። እኔም አጃውን ከነከረጢቱ፣ ጨውን ከነዕቃው፣ ማንኪያውን ጭምር አውጥቼ ፊታቸው እደረድራለሁ። እሳቸው አይተው እስኪጨርሱ እጠብቅና ምድጃውን አበራለሁ።