አትንገሪኝ ያሉኝ ፓስወርድ

ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችን የኮምፒውተሮቹ ፓስወርድ በእኔ እጅ ነው። አሠሪያችን ከደንበኞች ፍላሽ በሚመጣው ቫይረስ ሲማረር ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ሊኑክስ ወደሚባል፣ ቫይረስ እምብዛም ወደማይነካው ሲስተም አስቀየረና «ካንቺ ሌላ ማንም እንዳያውቀው» አለኝ። ሹመት መስሎኝ ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፕሪንተሩ ይቆማል፤ እንደገና ለማስነሳት ደግሞ ኮምፒውተሩ ፓስወርድ ይጠይቃል። በቀን ስንቴ እንደምነሳ ጉልበቴ ያውቀዋል።

የሚጠሩኝ አጠገቤ የሚሠሩት ጋሼ ናቸው። ታይፕ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ጠየቀኝ» ይላሉ። እኔ ፓስወርዱን ስጽፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የተማሪያቸውን ፈቃድ መጠበቅ ያሳፈራቸው ስለሚመስለኝ እኔም አፍር ነበር።

ባለፈው ክረምት አሞኝ ፉሪ ቤቴ እንደተኛሁ ጋሼ ደወሉ። ፕሪንተሩ ቆሟል፤ ደንበኛ እየጠበቃቸው ነው። ለመነሳት አቅም አልነበረኝም። «ይጻፉት፣ ልንገርዎት» አልኩ።

«አትንገሪኝ» አሉ።

ተናደድኩ። ከነትኩሳቴ ታክሲ ተሰልፌ ሄድኩ። ደንበኛውን እንደሸኘን፣ የማን ፈቃድ እስከ የት እንደሆነ የሚወስነውን ፋይል ከፈትኩና አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ እሳቸው ፕሪንተሩን ብቻ ያለ ፓስወርድ እንዲያስነሱ። እዚያ ፋይል ላይ አንድ ምልክት ብሳሳት ኮምፒውተሩ የእኔንም ትእዛዝ አይቀበልምና ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«ከእንግዲህ አይጠይቅዎትም፤ ተገላገሉ» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም።

«አንድ ነገር ቢጠፋስ?»

ያኔ ነገሩኝ። ድሮ በሠሩበት መጋዘን አምነዋቸው ትርፍ ቁልፍ ሰጧቸው፤ ዕቃ የጠፋ ዕለት ቁልፍ ያለው ሰው ሌባ ተባለ። ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰው ነጻ ወጡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ናቸው ብዬ መንገዱን ሙሉ በሆዴ ሳማቸው ነው የመጣሁት።

«ኮምፒውተሩ መዝገብ አለው» አልኩ። «ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘ ይጽፋል።» እሳቸው ፕሪንተሩን አንዴ ሲያስነሱ መዝገቡን አሳየኋቸው፤ ስማቸው፣ ሰዓቱ፣ ፕሪንተሩ። ሌላ የነኩት የለም።

ስማቸው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እሱን ፕሪንት አድርጊልኝ» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለሚስቴ ላሳያት ነው። ፍርድ ቤቱ ነጻ ሲለኝ እሷ ዝም አለች፤ እስከ ዛሬ ታምነኝ እንደሆነ አላውቅም።»